ለእርግዝና ፎቶ የትኛው ቀሚስ ያምራል? የአንድ ጥያቄና የ31 መልሶቹ ነገር

ጥያቄውን ያቀረብሁት እኔ ነኝ። መስከረም ሊያልቅ ዐሥር ቀን ገደማ ሲቀረው፣ እርግዝናዬም 31ኛ ሳምንቱን ሲይዝ፣ የሰፈራችን እናቶች በሚወያዩበት መድረክ ላይ ለጠፍሁት። ከዚያ ወዲህ መልሱ 31 ደርሷል፤ ገሚሱ ምክር፣ ገሚሱ ትዝታ፣ ጥቂቱ ደግሞ ጠብ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው የሚመጡ እህቶች ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ለማንበብ እንዳይቸገሩ፣ የተባለውን በቅደም ተከተሉ በራሴ አነጋገር አስፍሬዋለሁ። ያልተስማማሁበትንም አልደበቅሁም።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሕንፃዎቹ በስተጀርባ ያለው ተረተር በመስከረም አደይ አበባ ስለሚለብስ፣ ባለቤቴ ከተማ መሀል ወዳለ ስቱዲዮ ከመሄድ ይልቅ ፎቶውን እዚያው እንድንነሣ አሰበ፤ አበባው ሳይረግፍ ለመድረስም ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለው ቅዳሜ ተቆረጠ። በእጄ ሁለት ምርጫ ነበረኝ። አንደኛው ከኪራይ ቤት የሚመጣ፣ ደብዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ገላ ላይ የሚለጠፍና ጭራው መሬት ለመሬት የሚጎተት ቀሚስ ነው። ሁለተኛው የመልሴ ዕለት የለበስሁት የሐበሻ ቀሚስ ሲሆን፣ ዚፑ አልዘጋ ካለ ወራት አልፈውታል። የቱን ልልበስ ብዬ ጠየቅሁና በዚያው ላይ አንድ ነገር በእርግጠኝነት ጨመርሁ፤ ሰፊና ጠቆር ያለ ቀሚስ ሁሉን ስለሚሸፍን፣ ሁለቱንም ትቼ ሰፊ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ብገዛ ሳይሻል አይቀርም አልሁ። ውይይቱን የለኮሰችው ይህች ጭማሪ ናት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች የወግ ነበሩ። 1ኛዋ ማርያም በሽልም እንድታወጣኝ ተመኝታ ሰፊ ቀሚስ መቼም ቢሆን እንደማያሳፍር ገለጸች፤ 2ኛዋም ተስማምታ ከጥቁር ሰማያዊው ጎን ቡኒና ጥቁር አረንጓዴን ደረደረች።

3ኛው መልስ ሲኤምሲ አካባቢ ፎቶግራፍ በማንሣት ከሚተዳደር ሰው የመጣ ሲሆን፣ እንኳን ደስ ያለሽ ካለ በኋላ ሐሳቤን ከሥሩ ነቀለው። እንደ እርሱ ገለጻ፣ ካሜራ ከጨርቁ ሥር ያለውን ገላ አያውቅም፤ የሚያየው የጨርቁን ጠርዝ ብቻ ነው። ቀሚሱ ከትከሻ ጀምሮ ያለ አንዳች መያዣ እስከ መሬት ከወረደ፣ ጡት ከሆድ፣ ሆድም ከዳሌ ሳይለይ ሁሉም አንድ ወርድ ይሆንና፣ ነፍሰ ጡሯ ነፍሰ ጡር መሆኗ ጠፍቶ ድንኳን የለበሰች ትመስላለች። ስለዚህ ቀሚሱ አንድ ቦታ ላይ መያዝ አለበት፤ ያም ቦታ ከጡት ሥር ነው፤ በወር የገፋች ሴት ላይ ከሁሉ ቀጭን ሆኖ የሚቀረው እርሱ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ያለው ጨርቅ ሆዱን ተከትሎ ይውረድ ባይ ነው። ጠቆር ያለውን ቀለም በሚመለከት ደግሞ፣ የሆድ ክብነት በፎቶ ላይ የሚታወቀው በአንድ ወገን ብርሃን፣ በሌላው ወገን ጥላ ሲያርፍበት እንደሆነና ጥቁር ጨርቅ ጥላውን ውጦ ክቡን ጠፍጣፋ እንደሚያደርገው አስረዳ። ሳቲንንም አልማረውም፤ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ እያንዳንዱን እጥፋትና የውስጥ ልብሱን መስመር ሳይቀር አጉልቶ ያወጣልና።

ይህ ሰው ከቀሚሱ አልፎ ስለ አቋቋም ጻፈ። ፊት ለፊት ከመቆም ሰውነትን ጥቂት ዘወር ማድረግ፣ ክንድን ከጎን ነጠል ማድረግ፣ አንድ እጅ ከሆድ በታች ማሳረፍ፤ ፎቶው በስልክ የሚነሣ ከሆነም አንሺው እንዳይጠጋ፣ ምክንያቱም የስልክ ሰፊ ሌንስ ከቅርብ ሲያነሣ ወደ እርሱ የቀረበውን ነገር እንደሚያገዝፍ፣ በእርጉዝ ሴት ላይ ደግሞ የሚቀርበው ሆዷ ብቻ እንደሆነ ገለጸ። በእኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም ዓይን ሥር ጥላ ትጥላለች፤ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለው ብርሃን ከጎን ይመጣል፤ ይሁንና በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ማምሸት የለም፣ 12 ሰዓት ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ይጨልማል በማለት አስጠነቀቀ።

4ኛዋ መልስ ሰጪ ይህ ሁሉ የሌንስ ትምህርት ለቀሚስ ጥያቄ ምን እንደሚፈይድ በቁጣ ጠየቀች። ወንድ ሆኖ ስለ ሴት ልጅ ወገብ መጻፉም ሳያስከፋት አልቀረም። 5ኛው የፎቶ አንሺው አጭር ምላሽ ነው፤ በትሕትና ይቅርታ ጠይቆ፣ ከሁለቱ ቀሚሶች የቱን እንደሚመርጥ ግን ሳይናገር አለፈ። እኔ በበኩሌ የተውሁት የሦስተኛውን ቀሚስ ሐሳብ ብቻ ነበር፤ ጥቁር ሰማያዊው በዚያው ቀረ።

6ኛው መልስ የኪራይ ቀሚስ ለብሳ እንጦጦ ላይ የተነሣች እናት ገጠመኝ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው ተራራ ላይ መሆኑን እያወቀች፣ ትከሻና ክንዱ ባዶ የሆነ ስስ ቀሚስ ለብሳ በኅዳር ማለዳ ወጣች። ጭራውን ረዳቱ ወደ ላይ እየወረወረ እንዲንሳፈፍ ሲሞክር ነፋሱ እየመለሰ ፊቷ ላይ ጠመጠመው፤ ቆዳዋ ከብርድ የተነሣ ጉጥ ጉጥ ብሎ በፎቶው ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭቃ የጠረገው ጭራ ሲመለስ ደግሞ ኪራይ ቤቱ ያስያዘችውን ገንዘብ አስቀረባት። እንዲያ ያለ ጭራ በቤት ውስጥ፣ ወለሉ በተወለወለ ስቱዲዮ፣ በማራገቢያ ፊት የሚያምር ነገር እንጂ ለሜዳ እንዳልተሠራ ደምድማለች። ይህን ሳነብ የእኛን ተረተር አሰብሁ፤ ክረምቱ ገና ባልወጣለት መረሬ ላይ እንኳን ጭራ ጫማም አይተርፍም።

7ኛው መልስ የሳቅ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም ቢሆኑ የእንጦጦን ብርድ ሸሽተው መውረዳቸውን አስታወሰ። 8ኛው ደግሞ ነገሩን አክርሮ፣ እቴጌይቱ የወረዱት የፍልውሃውን ጠበል መሰል ሙቅ ውሃ ወድደው እንደሆነና አዲስ አበባም በዚያው ሰበብ በ1879 ዓ.ም. መቆርቆሯን ለማረም ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። የመድረኩ ኃላፊ በ9ኛው መልስ ወደ ቀሚሱ እንድንመለስ በጨዋ ደንብ ለመነን።

የተመለስነው ግን ወደ ሌላ ነገር ነው። 10ኛውን መልስ የጻፉት፣ ከአነጋገራቸው በዕድሜ የገፉ መሆናቸው የሚታወቅ እናት ናቸው። ልጄ እያሉ በፍቅር ጀምረው፣ ያልተወለደ ልጅ ለዓይን እንደማይሰጥ፣ ሆድን አጋልጦ ለሰው ማሳየት ነውር ብቻ ሳይሆን ሥጋትም እንደሆነ፣ ፎቶው ከተወለደ በኋላ እንደሚደርስ ጻፉ። 11ኛው መልስ ባለጌ ነበር። የጻፈችው ሴት አዛውንቷን በቡዳ ታምኚያለሽ ብላ አንቺ እያለች ዘለፈቻቸው፤ እዚህ የማልደግመው ቃልም ጨምራለች። 12ኛዋ ተነሥታ፣ በሐሳብ መለያየት አንድ ነገር ሆኖ ሳለ የእናትን ዕድሜ በአንቺታ ማውረድ ሌላ እንደሆነ በጠንካራ ቃል ገሠጸቻት፤ ዘለፋዋም ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተሰረዘ።

13ኛው መልስ አዛውንቷን በሌላ መንገድ ሊደግፍ የሞከረ ነው። የእርግዝና ፎቶ የፈረንጅ ልማድ መሆኑን፣ ከ1983 ዓ.ም. በፊት፣ ማለትም አሜሪካዊቷ ተዋናይት ዴሚ ሙር ዕርቃኗን በእርግዝናዋ ቫኒቲ ፌር በተባለው መጽሔት ሽፋን ላይ እስከወጣችበት ጊዜ ድረስ፣ ለፈረንጆቹም ቢሆን እንግዳ እንደነበር ያስረዳል። 14ኛዋ መልሳ፣ ልማዱ ከየትም ይምጣ የእኛም እጅ እንዳለበት ለማሳየት፣ በ2009 ዓ.ም. ቢዮንሴ መንታ ማርገዟን ያበሰረችበትን፣ በአበባ ጉንጉን ፊት ዓይነ ርግብ ለብሳ የተንበረከከችበትን ፎቶ ያነሣው ትውልደ ኢትዮጵያዊው አወል ኤሪዝኩ መሆኑን ጠቀሰች። በዚያ ፎቶ ላይ ሆዱ የተገለጠ ቢሆንም ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ስሱ ጨርቅ በፊቷና በትከሻዋ ላይ በወረደበት ሁኔታ ላይ እንደሆነም አከለች። ክርክሩን ባያበርደውም፣ ስለ ጨርቅ የተነገረ ነገር በመሆኑ ደስ ብሎኛል።

አዛውንቷ በ15ኛው መልስ ሲመለሱ ቅሬታ እንኳ አላነሡም። ሰው የተናገሩትን በፍርሃት ብቻ እንደተረዳባቸው ገልጸው፣ በእርሳቸው ጊዜ እርጉዝ ሴት ሰፊ ቀሚስ ለብሳ ነጠላዋን ከሆዷ በላይ ጣል የምታደርገው ጨዋነትም ሙቀትም ስለሆነ እንደነበር ጻፉ። ፎቶ መነሣቴ ካልቀረ፣ ነጠላ እንድደርብና አንዱን ጫፍ በትከሻዬ አሳልፌ ከሆዴ በላይ እንዳወርደው መከሩኝ። ከሁሉ በላይ ያጠበቁት ነገር የጥለቱን አቅጣጫ ነው። ጥለቱ ወደ አንገትና ወደ ፊት ከመጣ አለባበሱ የሐዘን ስለሚሆን፣ ለደስታ ፎቶ ወደ ታች ሊወርድ ይገባዋል፤ በዚህ ዘመን ያሉ ልጆች ነጠላን እንደ ሻርፕ ጠምጥመው ለልደት የለቅሶ ልብስ ለብሰው ሲታዩ እንደሚያዝኑም ሳይናገሩ አላለፉም። እውነቱን ለመናገር፣ በሰርጌ አልበም ውስጥ እኔም እንዲያ የቆምሁበት ፎቶ አለ፤ እስከዚያ ቀን ማንም አላረመኝም ነበር።

የውይይቱ እምብርት 16ኛው መልስ ነው። ጸሐፊዋ ሽሮ ሜዳ ለብዙ ዓመት የሐበሻ ቀሚስ የሰፋች ባለሙያ ስትሆን፣ ሰላምታዋን በአንድ መስመር ጨርሳ በቀጥታ ወደ ልኬት ገባች። ከፎቶ አንሺው ጋር በጡት ሥሩ መያዣ ትስማማለች። ነገር ግን ሁላችንም የረሳነው ነገር ቢኖር ከፊት ያለው የቀሚሱ ርዝመት ነው አለች። ሆድ ጨርቁን ወደ ፊት ገፍቶ ስለሚወስደው፣ ፊትና ኋላው እኩል የተቆረጠ ቀሚስ በእርጉዝ ሴት ላይ ከፊት ተሰቅሎ ከኋላ መሬት ይጠርጋል። ተራ ቀሚስ ላይ ይህ ብዙም አይታወቅም፤ የሐበሻ ቀሚስ ግን ከግርጌው ዙሪያውን ጥበብ ስላለው፣ ጥበቡ ከኋላ ቁርጭምጭሚት ላይ ሆኖ ከፊት ወደ ቅልጥም ሲወጣ ማንም ሰው፣ ስፌት የማያውቅም ቢሆን፣ አንድ ነገር እንደተጣመመ ያያል። ቀሚሱ ያላማረበትን ምክንያት ሳያውቅ ሴትየዋ ወፈረች ይላል እንጂ።

መድኃኒቱንም ነገረችን። ልኬቱ የሚወሰደው ፎቶው ላይ የሚደረገውን ጫማ አድርጎ ነው። ሜትሮው ከጡት ሥር ተነሥቶ፣ አየር ላይ ሳይንጠለጠል በሆዱ ጉብታ ላይ ተጋድሞ፣ እስከሚፈለገው ጠርዝ ይወርዳል፤ ከኋላም ከዚያው ቁመት ተነሥቶ ይለካል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከፊት ይጨመራል። ጭማሪው ከግርጌ ከተደረገ ጥበቡ ስለሚቆረጥ፣ መጨመሪያው ከላይ፣ ከጡት ሥር ባለው ስፌት ሲሆን፣ በደንብ የሚሠሩ ሰፊዎች ትርፉን ጨርቅ በጥቂት ሽንሽን እዚያው ይሰበስቡታል። ሽንሽኑ ደግሞ ሆዱ የሚያርፍበትን ቦታ ያስገኛል።

የእኔን የመልስ ቀሚስ በተመለከተ ዚፑን በላስቲክ እንዳልቀጥለው አጥብቃ ከለከለችኝ። የእጅ ፈትል እንደ ሊክራ አይለጠጥም፤ ሲወጠር የድሩና የማጉ መስመር ይከፈትና ስፌቱ አጠገብ ይሳሳል፤ የተቆረጠ ጠርዙም ካልተጠቀለለ ይተረተራል። ከዚህ ይልቅ የሁለቱ ጎኖች ስፌት ተፈትቶ፣ ከብብት በታች ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ያው ዓይነት ጨርቅ እንዲገባበት፣ ጨርቁም ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ እንዲኮማተር አዘዘች። አንድ ሌላ ነገርም አየች፤ በፎቶ ያሳየኋት ቀሚስ ከደረቱ እስከ ግርጌ መሀል ለመሀል የሚወርድ የመስቀል ጥበብ አለው። ሆዱ ላይ ጨርቁ ከጠበበ መስቀሎቹ ወደ ጎን ተወጥረው ቅርጻቸውን ይለቅቃሉ፤ ጎኖቹ በበቂ ከሰፉ ግን ቀጥ ብሎ የሚወርደው መስመር ቁመትን ስለሚያስረዝም፣ ከሁለቱ ቀሚሶች ለእኔ የሚሻለው ይኸው እንደሆነ ፈረደች። በጥያቄዬ ላይ ፍርድ የሰጠች የመጀመሪያዋ ሰው እርሷ ናት።

17ኛው መልስ ከአዋላጅ ነርስ የመጣ እርማት ነው። ሰፊዋ ያለችው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ የልኬቱ ቀን አልተነገረም። በክትትል ጊዜ ከብልት አጥንት እስከ ማሕፀኑ የላይኛው ጫፍ የሚለካው ርዝመት ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ በሳምንት ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚጨምር፣ በ31 ሳምንት የተለካ ቀሚስ በ33 ሳምንት ሌላ ሰው ላይ እንደተለካ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ልኬት በፎቶው ሳምንት ይሁን አለች። በዚያው ላይ፣ በእነዚህ ወራት ሣር ላይ በጀርባ ተንጋልሎ መነሣት ማሕፀኑ ትልቁን የደም ሥር ተጭኖ ማዞር ስለሚያመጣ፣ መተኛት ካስፈለገ በጎን እንዲሆን አስገነዘበች። 18ኛዋ በደስታ ገብታ፣ በራሷ ፎቶ ላይ ጥበቡ ለምን ቅልጥሟ ላይ እንደወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ ዛሬ እንደገባት ተናገረች።

19ኛው በውጭ አገር ያለች እህት ከኢንተርኔት መግዛት ቀላል መሆኑን ስትመክር፣ 20ኛዋ ዕቃው የሚደርሰው ልጁ እግር ሲያወጣ ነው በሚል ሽሙጥ መለሰችላት። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

21ኛውን የጻፈው፣ ሚስቱ የወር ገብ የሆነች ባል ነው። ስለ እርሱ ልብስ ማንም አለማንሣቱን በቀስታ አማረረ። ፎቶ አንሺው በ22ኛው መልስ ተመልሶ፣ ጥሩ ነገር ነገረው፤ የእጅ ፈትል ነጭ እንደ ሱቅ ሸሚዝ ነጭ አይደለም፣ ወደ ጥሬ ጥጥ ያደላል፤ አጠገቡ በበረኪና የነጣ ሸሚዝ ሲቆም የሚስት ቀሚስ የቆሸሸ ይመስላል። ስለዚህ ባል ወይ ከዚያው ሸማ ይልበስ፣ ወይ ደግሞ ያለ ጽሑፍና ያለ መስመር የሆነ አፈርማ ቀለም ይምረጥ። እግረ መንገዱንም ስለ አደይ አበባው ተናገረ፤ ወርቃማና ቢጫ ጥበብ አበባው መሀል ሲቆሙ ስለሚጠፋ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ጥበብ የሚሻል ሲሆን፣ አበባው ውስጥ ተገብቶ ከመቆም ይልቅ ጥቂት ቀደም ብሎ መቆም ቢጫው በነጩ ጨርቅ ላይ እንዳያንጸባርቅ ያደርጋል። የእኔ ቀሚስ ጥበብ አረንጓዴ መሆኑን ያስታወስሁት ይህን ጊዜ ነው።

23ኛው መልስ ሲመጣ የውይይቱ መልክ ተለወጠ። ስምንተኛ ወሯን የያዘች ሴት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ እጆቿና ፊቷ ስላበጡ ቀለበቷ አልገባ እንዳላት፣ ራሷንም እያመማት መሆኑን ጽፋ፣ ይህንን የሚሸፍን ረጅም እጅጌና ከፍ ያለ አንገት ያለው ቀሚስ የት እንደሚገኝ ጠየቀች። አዋላጇ በ24ኛው መልስ እንደ ቀድሞው አልለሰለሰችም። ይህ የቀሚስ ጥያቄ እንዳልሆነ፣ ዛሬውኑ፣ ነገ ሳትል፣ ቅርቧ ወደሆነ ጤና ጣቢያ ሄዳ የደም ግፊቷን እንድትለካና ሽንቷን እንድትመረመር አዘዘቻት። 25ኛዋ ተቆጣች፤ እርጉዝ ሁሉ ያብጣል፣ ሴቶችን ማስፈራራት ተገቢ አይደለም፣ ለእርሷም በሁለቱም ልጆቿ እግሯ አብጦ በሰላም ተገላግላለች። አዋላጇ በ26ኛው ቃሏን ሳታጥፍ ልዩነቱን አብራራች። ቀን ሲቆሙ ውለው ማታ እግር ቢያብጥ የተለመደ ነው፤ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ፊትና እጅ በድንገት አብጦ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የላይኛው ሆድ ሕመም ከታከለበት ግን የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል ጊዜ አይሰጥም፤ 140 በ90 ላይ የደረሰ ልኬት ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነው። ለግማሽ ቀን ያህል ማንም ምንም አልጻፈም።

27ኛው መልስ ስለ ጫማ ነበር፤ ምናልባት ዝምታውን ለመስበር ተብሎ የተጻፈ ይመስለኛል። ሆድ ሲገፋ የሰውነት ሚዛን ወደ ፊት ስለሚያደላ ተረከዙ ረጅም ጫማ በወጣ ገባ መሬት ላይ አደገኛ መሆኑን፣ ቀሚሱ መሬት ድረስ ከወረደ ደግሞ ጫማው ስለማይታይ ጠፍጣፋ ጫማ እንደሚበቃ ትመክራለች። 28ኛው እጅና ፊቷ ካበጠባት ከ23ኛዋ እህት የመጣ ሦስት መስመር ነው። ሄዳ ተለካች፤ ግፊቷ ከፍ ብሎ ስለተገኘ አስተኝተው እየተከታተሏት ነው፤ የአዋላጇን ምክር አመስግናለች። ስለ ቀሚስ አላነሣችም፣ ማንም አልጠየቃትም። በዚያ ቀን ከመልሷ ሥር፣ ከ31ዱ ሳይቆጠሩ፣ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች የማርያምን ስም ጠርተው መልካሙን ተመኝተውላታል፤ 25ኛዋም ከእነርሱ መሀል ነበረች።

29ኛው መልስ የእኔ ነው። ቅዳሜ ዕለት ተነሥተን ከተመለስን በኋላ ጻፍሁት። ኪራዩን ተውሁት፤ የመልስ ቀሚሴን ለሰፊዋ ወስጄ ሁለቱ ጎኖች ተፈቱ፣ ከጡት ሥርም ለፊቱ ስድስት ሴንቲ ሜትር ተጨመረ። የመጨረሻው ልኬት ሐሙስ ሲደረግ ሰፊዋ ካሰበችው በላይ ሁለት ጣት ያህል ገፍቼ ተገኘሁ፤ አዋላጇ ያለችው ሆነ። ጥበቡ ዙሪያውን እኩል ወረደ። በ11 ሰዓት ተረተሩ ላይ ስንደርስ ነፋስ ስለነበረ ነጠላዬ ከትከሻዬ እየተነሣ ሁለት ሦስት ጊዜ ጥሎኝ ሄደ፤ በመጨረሻ ከሹሩባዬ ሥር በፀጉር ማስያዣ አያያዝነው። አዛውንቷ ፎቶውን አይተው ጥለቱ ወደ ታች መሆኑን አረጋገጡና መረቁኝ። ፎቶ አንሺው ከአንደኛው ምስል ላይ ክንዴ ከጎኔ መለጠፉን ሳይናገር አላለፈም። አማቴ ብቻ ፎቶው ልጁ ሳይወለድ ከቤተሰብ ውጭ እንዳይወጣ ስለለመኑኝ እዚህ የለጠፍሁት ከወገብ በታች ያለውን፣ ጥበቡ ብቻ የሚታይበትን ነው። በዚህ በኩል የ10ኛው መልስ ሐሳብ አሸንፏል ማለት ይቻላል።

30ኛዋ ጠያቂ የእኔን መልስ አንብባ፣ እንዲህ የሰፋ ቀሚስ ከወሊድ በኋላ ለክርስትና ይለበስ እንደሆነ፣ ወይስ ድካሙ ሁሉ ለአንድ ቀን ፎቶ ብቻ መሆኑን ጠየቀች። ሰፊዋ በ31ኛው መልስ በዝርዝር አስረዳች። በጎን የገባው ጨርቅ ስፌቱ ውስጥ በቂ ትርፍ ስለተተወለት ያለ ችግር ይጠብባል፤ ከጡት ሥር ያለው ሽንሽን ተፈትቶ ወደ ውስጥ ሊታጠፍ ይችላል፤ ለምታጠባ እናት ደግሞ የደረቱ ስፌት በአንድ ወገን ተከፍቶ በድብቅ ቁልፍ ቢዘጋ ይሻላል፤ ጨርቁን ግን ማንም ሰው እንዳይቆርጠው፣ መቀስ ያረፈበት ፈትል አይመለስም። ከዚያም የገና ሥራ ሳይደራረብባት በጊዜ እንድትይዝልኝ፣ ክርስትናው የሚውልበትን ቀን እንድነግራት ጠየቀችኝ። እስካሁን አልመለስሁላትም። ሐኪሙ ጾታውን እንዳይነግረን ለምነነው ስለነበር፣ አርባ ቀን ልቁጠር ሰማንያ ቀን ገና አላወቅሁም።